የጭስ መውጫም ጠራጊ ይሻል

ባለፈው ክረምት አክስቴን ልጠይቅ ወደ ሐሙሲት ሄጄ ነበር። ሐሙሲት ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ወረታና የፎገራ ሜዳ ሳይደረስ የምትገኝ፣ ስሟን ከሐሙስ ገበያዋ የወሰደች ከተማ ናት። በግቢው በር ስገባ በመጀመሪያ የተቀበለኝ የማድቤቱ ጭስ ነበር። አክስቴ እንጀራ እየጋገረች ኖሮ፣ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ ዝናቡ ወደ ውስጥ ጭሱ ወደ ውጭ ይተላለፋሉ። እርሷም ዐይኗን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ብቅ አለች።

ጭስ ያለበት ማድቤት ለማናችንም አዲስ አይደለም። እኔን ያስገረመኝ ምድጃው የጭስ ማውጫ ያለው መሆኑ ነበር። አክስቴ ከአራት ዓመት በፊት ሦስቱን ጉልቻ ትታ፣ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ በአገራችን የተሠራጨውን «ምርጥ» የተባለውን በሲሚንቶ የሚሠራ የእንጀራ ምድጃ አስገብታ፣ በስተኋላውም የቆርቆሮ ቧንቧ አስገጥማ ነበር። በዚያን ጊዜ ማድቤቷ እንደ ሳሎን ንጹሕ መሆኑን ለጎረቤት ሁሉ ታሳይ እንደ ነበር አስታውሳለሁ። «ምን ሆነ?» ብዬ ብጠይቃት፣ «ልጄ፣ ምድጃውም እንደ እኔ አርጅቶ ነው መሰል፤ ሁለት ክረምት ሙሉ እንዲህ ነው የሚያደርገኝ» አለችኝ።

በማግስቱ ጠዋት ምድጃው ሳይለኮስ ቧንቧውን ነቅለን አወረድነው። ቧንቧው በሚታጠፍበት ክርን ላይ ጥቀርሻና ቅጥራን የመሰለ ዝልግልግ ነገር ተጋግሮ ግማሹን ዘግቶታል፤ ከጫፉም ላይ ወፍ ጎጆ ሠርታበታለች። በረጅም እንጨት ጫፍ ጨርቅ ጠቅልለን ጠረግነው፤ መልሰንም ገጠምነው። ሥራው ሁሉ አንድ ሰዓት አልፈጀም። ምድጃው ሲለኮስ ጭሱ በቧንቧው ሽቅብ ተምዘገዘገ። አክስቴም ቀና ብላ አይታ፣ «ለዚህ ነው እንዴ ሁለት ክረምት የለቀስኩት?» አለች።

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ይህ ጥያቄዋ ነው። ምድጃውን የሸጠላት ሰው አለ፤ ቧንቧውን የቀጠቀጠላት ሰው አለ፤ ገጥሞ የሄደም ሰው አለ። ከዚያ በኋላ ግን ቧንቧው በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ መጠረግና መመርመር እንዳለበት የነገራት ሰው አልነበረም፤ ቢነግሯትም ኖሮ ይህን የሚሠራ ባለሙያ በከተማዋ አታገኝም ነበር። የእኔ አስተያየት አጭር ነው፤ የጭስ ማውጫ በተሠራበት ቀን ሥራው አያልቅም። ጠራጊና መርማሪ ያስፈልገዋል፤ ይህም በአገራችን ራሱን የቻለ ሙያ ሊሆን ይገባል።

ስምንት ወረቀት የሚያህል ኃይል

በመጀመሪያ ጭስ በቧንቧ ውስጥ ለምን እንደሚወጣ እንመልከት። ብዙዎቻችን «ጭስ ቀላል ስለሆነ ይወጣል» ብለን እናልፈዋለን። አየር ሲሞቅ ይስፋፋል፤ ሲስፋፋም እፍግታው፣ ማለትም በአንድ ሜትር ኩብ ውስጥ የሚገኘው መጠነ ቁስ፣ ይቀንሳል። በቧንቧው ውስጥ ያለው ትኩስ አየር ከውጭው ቀዝቃዛ አየር ስለሚቀል፣ ከባዱ የውጭ አየር በምድጃው አፍ እየገባ ቀላሉን ወደ ላይ ይገፋዋል። ስለዚህ የጭስ ማውጫ ለጭሱ የተተወ ቀዳዳ ብቻ አይደለም። ተንቀሳቃሽ ክፍል የሌለው፣ በሙቀት ልዩነት የሚሠራ ፓምፕ ነው።

የዚህ ፓምፕ ጉልበት ምን ያህል ነው? ግፊቱ የሚገኘው የቧንቧው ከፍታ፣ የምድር ስበትና የሁለቱ አየሮች የእፍግታ ልዩነት ሲባዙ ነው። ቧንቧው 3 ሜትር፣ የውጭው ሙቀት 20 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ የቧንቧው ውስጥ አማካይ ሙቀት 100 ዲግሪ ቢሆን፣ በባሕር ወለል ላይ 7.6 ፓስካል ገደማ እናገኛለን። የፎገራ ሜዳና አካባቢው ግን ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ነው። በዚህ ከፍታ አየሩ የሳሳ ስለሆነ ያው ቧንቧ 6 ፓስካል ገደማ ብቻ ይሰጣል። ከፍታው ከጭስ ማውጫችን ጉልበት አንድ አምስተኛውን ወስዶብናል ማለት ነው። ስድስት ፓስካል ደግሞ ስምንት የጽሕፈት ወረቀቶች ተደራርበው በጠረጴዛ ላይ ሲቀመጡ የሚያሳርፉት ግፊት ያህል ነው። አክስቴን ከጭስ የሚያድናት ኃይል ይህ ብቻ ነው።

እንዲህ ያለ ደካማ ኃይል ጥቂት እንቅፋት ይበቃዋል። ውስጣዊ ስፋቱ 10 ሴንቲ ሜትር በሆነ ክብ ቧንቧ ዙሪያውን 2 ሴንቲ ሜትር ጥቀርሻ ቢጋገር፣ የሚቀረው መተላለፊያ 6 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ስፋቱ በካሬ ሲሰላ ከቀድሞው 36 በመቶው ብቻ ቀረ ማለት ነው። ጭሱ ከሻካራው ግድግዳ ጋር የሚያደርገው ፍትጊያ ሲጨመርበት ደግሞ የሚያልፈው መጠን ከዚህም ያንሳል። የቀረው ተመልሶ ወደ ጋጋሪዋ ፊት ይመጣል።

ጥቀርሻው ከየት ይመጣል? ማገዶ ሙሉ በሙሉ ቢነድ ኖሮ የሚተርፈው ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ የውሃ ተንና አመድ ብቻ ይሆን ነበር። በክረምት የረጠበ እንጨትና ያልደረቀ ኩበት ሲማገድ ግን፣ ሙቀቱ ውሃውን በማትነን ስለሚባክን እሳቱ ይቀዘቅዛል፤ ያልነደደው ካርቦን ጥቀርሻ ሆኖ፣ ያልነደደው ዘይታማ ተን ደግሞ በቀዝቃዛው የቧንቧ ግድግዳ ላይ ቅጥራን ሆኖ ይጋገራል። የብራና ጸሐፊዎቻችን ጥቁር ቀለም ለመሥራት ከድስት ቂጥ የሚፍቁት ጥላሸት ከዚሁ የካርቦን ብናኝ ወገን ነው። በድስት ላይ ሲገኝ ለቀለም ይረዳል፤ በቧንቧ ውስጥ ሲከማች ግን መንገድ ይዘጋል፤ ቅጥራኑም አንድ ቀን በብርቱ እሳት ተያይዞ ጣራውን ሊያቃጥል ይችላል። ሩዝ ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ በገባበት በፎገራ ደግሞ የሩዝ ገለፈት ለማገዶ ሲውል፣ ከክብደቱ አንድ አምስተኛ ያህል አመድ እንደሚተው ማስታወስ ይገባል። ማገዶው ሲለወጥ የሚጠረገው ነገር ዓይነትና መጠንም ይለወጣል።

ጉልቻ ቢለዋወጥ

አንዳንድ አንባቢ «ወደ ጋዝ ብንሸጋገር ይህ ሁሉ ጣጣ ይቀር የለምን?» ሊል ይችላል። እኔም አንድ ጊዜ እንዲሁ ብዬ ነበር። ለዶክትሬት ትምህርት በጀርመን አገር በቆየሁበት ዘመን የምኖርበት አሮጌ ሕንፃ፣ ቀድሞ በድንጋይ ከሰል ይሞቅ የነበረ፣ በኋላ ግን ወደ ጋዝ የተለወጠ ነበር። አንድ ጠዋት ከራስ እስከ እግሩ ጥቁር የለበሰ ሰው በሩን አንኳኳ፤ የጭስ ማውጫ ጠራጊ ነበር። በዚያ አገር የጠራጊን የልብስ ቁልፍ የነካ ዕድለኛ ይሆናል ይባላል። እኔ ግን ዕድሌን ከመሞከር ይልቅ፣ ጋዝ ጥቀርሻ ስለሌለው ምን ሊጠርግ እንደመጣ ጠየቅሁት። እርሱም በትዕግሥት መሣሪያውን በማሞቂያው የጭስ ቧንቧ ውስጥ አስገብቶ የካርቦን ሞኖክሳይድን መጠን እየለካ አስረዳኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጋዝ ነበልባል ጥቀርሻው ጥቂት ቢሆንም ብዙ የውሃ ተን ያመነጫል፤ 1 ኪሎ ግራም ሚቴን ሲነድ 2.25 ኪሎ ግራም ውሃ ይወጣል። ለከሰል የተሠራው አሮጌ የጭስ ማውጫ ለጋዙ ጭስ ከልክ በላይ ሰፊና ቀዝቃዛ ስለሚሆን፣ ተኑ በግድግዳው ላይ ይጤዛል፤ ጤዛውም ከዱሮው ጥቀርሻ ጋር ተዋሕዶ አሲድነት ያገኝና የጡቡን ማያያዣ ይበላዋል። የተፈረፈረው ጡብ ወይም የወፍ ጎጆ መንገዱን ሲዘጋ ጋዙ በቂ አየር ያጣል፤ ያን ጊዜ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይፈጠራል። ጥቀርሻ ባለመኖሩም ማንም አይጠረጥርም። ለዚህ ነው ጀርመኖች የጠራጊዎቹን የቆየ የወረዳ ብቸኛ መብት እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ አንሥተው የጥረጋውን ሥራ ለውድድር ሲከፍቱ፣ የወረዳ መርማሪውን ሕጋዊ ኃላፊነት ግን ያልነኩት።

አባቶቻችን «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይላሉ። ነዳጁን መለወጥ የጭስ ማውጫውን ጥያቄ ይለውጠዋል እንጂ አያስቀረውም። በአዲስ አበባ ነባር ቪላዎች ውስጥ ያለውን ቡኻሪ በጋዝ ለማንደድ የሚያስብ ሰው ካለም፣ ከምድጃው አስቀድሞ ማስመርመር ያለበት ዘመናት ያስቆጠረውን የጭስ መውጫ ነው።

የዚህ ሙያ ታሪክ ግን ማስጠንቀቂያም አለበት። በእንግሊዝ አገር ጠባቡን የጭስ ማውጫ ለመጥረግ ትናንሽ ልጆችን ወደ ውስጥ ይሰዱ ነበር። ፐርሲቫል ፖት የተባለው የሎንዶን ቀዶ ሐኪም በ1775 (እ.ኤ.አ.) በነዚህ ጠራጊዎች ላይ የሚታየውን የካንሰር ሕመም ከጥቀርሻ ጋር አያያዘው፤ ሕመምን ከሥራ ጋር አያይዘው ከተመዘገቡት ቀደምት የካንሰር ማስረጃዎች አንዱ ይህ ነው። ሆኖም ልማዱ ጨርሶ የተገታው ጆርጅ ብሩስተር የተባለ ልጅ በጭስ ማውጫ ውስጥ ተቀርቅሮ ከሞተ በኋላ፣ በ1875 በወጣው ሕግ ነበር። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ሙያው ሲቋቋም ብሩሽ፣ ጓንትና የአፍ መሸፈኛ አብረውት ሊቋቋሙ ይገባል። ሁለተኛ፣ ጥቀርሻ በጠራጊ ገላ ላይ መርዝ ከሆነ፣ ዕድሜዋን ሙሉ በጭስ ውስጥ በምትጋግር እናት ሳንባ ውስጥም መድኃኒት ሊሆን አይችልም። የዓለም ጤና ድርጅት በቤት ውስጥ በሚፈጠር የአየር ብክለት ምክንያት በ2020 (እ.ኤ.አ.) ብቻ 3.2 ሚሊዮን ሰዎች እንደሞቱ ገምቷል።

ጣራው ተለወጠ፤ ጭሱስ?

ወደ አገራችን እንመለስ። የሣር ክዳን ጎጆ የጭስ ማውጫ የለውም ይባላል፤ እውነቱ ግን ጣራው ሁሉ የጭስ ማውጫ መሆኑ ነው። ጭሱ በሣሩ መካከል እየሰረገ ይወጣል፤ በመንገዱም ሣሩን ያደርቃል፤ ተባይንም ያርቃል። ዛሬ በሐሙሲትም ሆነ በወረታ የሣሩ ቦታ በቆርቆሮ ተተክቷል። ግድግዳው ተመርጓል፤ ከጣራው ሥር ኮርኒስ ተወጥሯል፤ በርና መስኮቱ ብርድና ትንኝ እንዳያስገባ ተደፍኗል። ቤቱ ዘመነ፤ ነገር ግን ቀድሞ ሳናስበው ይሠራልን የነበረውን የጭስ መውጫ በገዛ እጃችን ዘጋነው። በምትኩ ምን እንዳደረግን የጠየቀ ግን ጥቂት ነው።

ይህ ጉዳይ እናንተን አንባቢዎቼን በቀጥታ ይመለከታል። በየወረዳ ከተማው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያሉ ብዙ ተማሪዎች ከገጠር መጥተው፣ ሦስትም አራትም ሆነው አንድ ክፍል ተከራይተው፣ ከቤት በመጣ ስንቅ የሚማሩ ናቸው። በዚያች ክፍል ይጠናል፤ ይበሰላል፤ ይተኛል። በክረምት ምሽት ብርዱ ሲጠና፣ በውጭ የተቀጣጠለው የከሰል ምድጃ «ጭሱ አልቋል» ተብሎ ወደ ውስጥ ይገባል፤ በሩም ይዘጋል።

ጭሱ በርግጥ አልቋል፤ አደጋው ግን የሚብሰው ያን ጊዜ ነው። በፍሙ ታችኛ ክፍል የተፈጠረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በላዩ ባለው ቀይ ፍም መካከል ሲያልፍ ወደ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለወጣል። ይህ ጋዝ ቀለም የለውም፤ ሽታም የለውም። እፍግታው ከአየር ጋር ስለሚቀራረብ ወደ ታችም ወደ ላይም ሳይለይ በክፍሉ ሁሉ ይሠራጫል። በውሃ ውስጥ እጅግ ጥቂቱ ብቻ ስለሚሟሟ፣ በአጠገቡ የተቀመጠ ባሊ ውሃ አይውጠውም። በደም ውስጥ ያለውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ስለሚይዝ ሰውነት አየር እየሳበ ኦክስጅን ይራባል።

በወረቀት ላይ እንገምተው። ርዝመቱ 4፣ ወርዱ 3፣ ከፍታው 2.5 ሜትር የሆነ ክፍል 30 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል። አንድ ኪሎ ከሰል ሲነድ ከ100 ግራም የማያንስ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሊያወጣ ይችላል። ግማሽ ኪሎ ከሰል በዚህ ክፍል ቢነድና አየር የሚገባበት ቀዳዳ ባይኖር፣ 50 ግራሙ ለ30 ሲካፈል በአንድ ሜትር ኩብ 1,670 ሚሊ ግራም ገደማ ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው የ24 ሰዓት አማካይ ወሰን 4 ሚሊ ግራም ነው። ስሌቱ ከወሰኑ ከ400 ጊዜ በላይ ሆነ። በርግጥ እውነተኛ ክፍል ጥቂት ያሾልካል፤ ቁጥሩም ይቀንሳል። ይሁን እንጂ መቶኛው እንኳ ቢቀር ከወሰኑ አራት እጥፍ ነው።

በፎገራ ሜዳና በዙሪያው ሌላ ወጥመድም አለ። የመርዙ የመጀመሪያ ምልክቶች ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና የጉልበት መክዳት ናቸው። አካባቢው ወባማ በመሆኑ ይህን ምልክት ያየ ሁሉ ወባ ነው ብሎ ብርድ ልብሱን ይከናነባል፤ መስኮቱንም አጥብቆ ይዘጋል። እንግዲህ ይህን ልብ በሉ፤ በአንድ ክፍል ያሉ ሰዎች ሁሉ በአንድ ምሽት ራሳቸውን ካመማቸው፣ ወደ ውጭ ሲወጡም ከተሻላቸው፣ በመጀመሪያ ሊጠረጠር የሚገባው ከሰሉ ነው። ሰዎቹን ወደ ንጹሕ አየር ማውጣት፣ ምድጃውን ማስወጣት፣ ሳይዘገዩም ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ያስፈልጋል። ንጹሕ አየር ብቻ እየተነፈሱ በደም ውስጥ ካለው መርዝ ግማሹ እስኪወጣ አራት ወይም አምስት ሰዓት ስለሚፈጅ፣ በሐኪም የሚሰጥ ኦክስጅን ሕይወት ያድናል።

ማን ይሥራው?

የምጠይቀው አዲስ መሥሪያ ቤት እንዲቋቋም አይደለም። በመጀመሪያ፣ ምድጃና ቧንቧ የሚሠሩ የየከተማው ቆርቆሮ ሠሪዎች ቧንቧው በሚታጠፍበት ክርን ላይ የሚከፈት ክዳን ቢያበጁ፣ ጥረጋው ቧንቧ ሳይነቀል ይከናወናል። ጫፉ ላይ ዝናብና ወፍ የሚከለክል ቆብ ቢደረግ፣ ቧንቧውም ከጣራው ክፈፍ ሥር ከመቅረት ይልቅ ከጣራው በላይ ቢዘልቅ፣ ነፋስ ጭሱን መልሶ አይገፋውም። የቴክኒክና ሙያ ተቋማት ይህን ሥራ ከነጥረጋውና ከነምርመራው በአጭር ሥልጠና ቢያስተምሩ፣ የሽቦ ብሩሽ፣ የሚቀጣጠል ዘንግና መሰላል ይዞ ከቤት ቤት የሚዞር ወጣት ሥራ ያገኛል።

ሁለተኛ፣ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቤቱ እየገቡ ስለ ንጽሕናና ስለ መጸዳጃ ያስተምራሉ። በዚህ ላይ ሦስት ጥያቄዎች ቢታከሉ ብዙ ጊዜ አይፈጅም፤ ጭሱ በየት ይወጣል? መቼ ተጠረገ? በመኝታ ክፍል ከሰል ይገባል ወይ? ሦስተኛ፣ ለተማሪ ክፍል የሚያከራዩ ባለንብረቶች ቢያንስ የማይደፈን የአየር መግቢያና መውጫ እንዲያበጁ ቀበሌዎች ሊጠይቁ ይገባል። አራተኛ፣ እኛ በዩኒቨርሲቲ ያለነው ሰዎች ተማሪዎቻችንን መለኪያ አስይዘን ወደነዚህ ክፍሎች ብንልክ፣ ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻንም።

ሁለት ተቃውሞዎች ይነሣሉ። አንደኛው «ይህ ለድሃ ቅንጦት ነው» የሚል ነው። የአክስቴ ቧንቧ የተጠረገው በእንጨትና በጨርቅ መሆኑን ከላይ ተናግሬአለሁ። ገንዘብ ያወጣችው ቧንቧውን ስታስገጥም ነው፤ ጥረጋው ሲታጣ የባከነውም ያ ገንዘብ ነው። ሁለተኛው «የኤሌክትሪክ ምጣድ ሲስፋፋ ጉዳዩ ያበቃል» የሚል ነው። ታላቁ የሕዳሴ ግድብ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ በየቤቱ እንዲገባ ከሚመኙት አንዱ እኔ ነኝ። ነገር ግን ኃይል ማመንጨትና ኃይሉን እስከ እያንዳንዱ ማድቤት ማድረስ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ምጣዱ ያለበት ቤትም ቢሆን ለቡናው፣ ለብርዱና መብራት ለሚጠፋበት ምሽት ከሰሉን ከጓዳ አላስወጣም። እስከዚያው በጭስ ውስጥ የሚኖሩት ሰዎች «ጠብቁ» ሊባሉ አይገባም።

እኛ ቤትን ለእንቁጣጣሽ የመጥረግና የመለቅለቅ ልማድ አለን። ክረምት ሳይገባ በግንቦት አንድ ጊዜ፣ ክረምት ሲወጣ ከበዓሉ ጽዳት ጋር ደግሞ አንድ ጊዜ የጭስ ማውጫውን ብንጨምርበት ልማዱ ይሰፋል እንጂ አይጣስም። በቅርቡ ለአክስቴ ስደውል፣ የማድቤቱን ቧንቧ ራሷ አስጠርጋ፣ የጎረቤቷንም እንዳስጠረገች ነገረችኝ። ጠራጊው በጓሮው ክፍል ተከራይቶ የሚማር የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ነው። እኔም ልጁ የሚተኛበት ክፍል መስኮት እንዳለው ጠየቅኋት፤ የለውም አለችኝ። በሚቀጥለው ጉዞዬ መጋዝ ይዤ እሄዳለሁ። እናንተም ዛሬ ማታ ከሰል ከማስገባታችሁ በፊት ወደ ክፍላችሁ ጣራ ቀና ብላችሁ፣ አየሩ በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ ፈልጉ። መውጫ ካጣችሁለት ምድጃውን ከደጅ ተዉት።